ቀዝቃዛ ዘር

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ባለው ጓሮዬ ውስጥ ስለ ፍሬ ዛፍ ተከላ ለሰፈሬ ሰዎች የተናገርኩት ነው። ስጽፈው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። ቀልዱንና ጥያቄውን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ። ወንበር ያልደረሳችሁ ድንጋዩ ላይ አረፍ በሉ። ጉንዳን የለበትም፤ ጠዋት አይቼዋለሁ።

ነገሬን በአንዲት የማንጎ ዛፍ ልጀምር። ከአስራ ምናምን ዓመት በፊት ከአርባ ምንጭ ስመለስ አንድ ካርቶን ማንጎ ይዤ መጣሁ። ቤተሰቡ ተሻምቶ በላው። እኔ ከሁሉም የጣፈጠኝን ለይቼ ዘሩን እዚያ፣ አሁን የውሃ ታንከሩ የቆመበት ቦታ ላይ ተከልኩት። በቀለ። ቤቱ ውስጥ ደስታ ሆነ። ልጆቹ በየሳምንቱ በስንዝር ይለኩት ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ጠበቅኳት። ቅጠሏ ያምራል። ጥላዋም ክፉ አልነበረም። ፍሬ ግን የለም። አንድ ዓመት አበባ አወጣች፤ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እየጎተትኩ አሳየሁ። ብዙም ሳይቆይ አበባው ጠቆረና ረገፈ። እናቴ በመጣች ቁጥር ፊት ለፊቷ ቆማ «ይቺ ዛፍ ሚዜ ናት፤ ለብሳ መቆም ብቻ ነው ሥራዋ» ትላለች። በአስረኛው ዓመት ቆረጥኳት። እንጨቷ እንኳን ጭሱ አይጣል ነበር።

ያኔ ያልገባኝ ምን መሰላችሁ? ዛፏ ምንም አላጠፋችም። የቆላ ልጅ አምጥቼ ብርድ ላይ ያቆምኳት እኔ ነኝ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አስሉት። ከአርባ ምንጭ እዚህ ስትደርሱ 6 ዲግሪ ጥላችሁ ነው የመጣችሁት። ለእኛ ጃኬት መደረብ ነው። ለማንጎ አበባ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የአበባው ዱቄት በቅጡ አይሠራም። እርጥበት ከተጨመረበት ደግሞ ሻጋታ ይበላዋል። ቅጠሉ ይኖራል፤ ፍሬው ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ «አዲስ አበባ የትሮፒክ ፍሬ አይሆንባትም» የሚል ሰው ሆንኩ። ለሰውም እንዲያ ብዬ እመክር ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ትልቅ ስህተት ነው።

ካርታ አውጥታችሁ እዩ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። የሐሩር ክልል እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ እኛ ትሮፒክ ውስጥ ነን፤ ያውም መሃሉ ላይ። የእኛ ትሮፒክ ፎቁ ላይ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። እንደ እኛ ፎቅ ላይ ያለ ሌላ ትሮፒክ ደግሞ አለ። የአንዲስ ተራሮች አሉ፤ ፔሩ፣ ኢኳዶር፣ ኮሎምቢያ። የሜክሲኮና የጓቲማላ ደጋዎች አሉ። እዚያም ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱ ጋቢ ያስለብሳል። እዚያም ዝናብ የሚበዛበትና የሚደርቅበት ወቅት አለ። እዚያ ተወልደው፣ ቀዝቃዛ ሌሊት ለምደው ያደጉ ፍሬዎች አሉ። እኛ የቆላውን ማንጎ እየናፈቅን የደጋ ዘመዶቻችንን ረሳናቸው።

እስቲ አንዱን ላስተዋውቃችሁ። ያ ከአጥሩ ጥግ ያለው ጊሽጣ ነው። የእኔው ዓይነት በሌላው ዓለም ቼሪሞያ ይባላል። ስሙ ከአንዲስ ሰዎች ቋንቋ ከኬችዋ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ቀዝቃዛ ዘር» ነው ይባላል። ሌላው የፍሬ ዛፍ በማይመቸው ከፍታ ላይ ስለሚበቅል ነው አሉ። ይህን ስሰማ ማንጎዬ ትዝ አለችኝ። አስር ዓመት ሙሉ ሙቅ ዘር ይዤ ነው የተሟገትኩት።

ግን እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ጊሽጣ ስንል የአንድ ዛፍ ስም የጠራን ይመስለናል። የቤተሰብ ስም ነው። አንዱ ፍሬው ትልቅ፣ ላዩ በለስላሳ እሾህ የተሸፈነ፣ መራራ ሳይሆን ኮምጠጥ የሚል ነው። ሌላው ትንሽ ነው፤ ላዩ ጉብ ጉብ ያለ፣ ሲበስል በእጅ ሲነኩት ቁርጥራጩ የሚፈራርስ። እነዚህ ሁለቱ ሙቀት ይወዳሉ። ቼሪሞያው ግን ላዩ ለስለስ ያለ፣ በአውራ ጣት የተጫኑት ዓይነት ምልክት ያለበት ነው። ገበያ ላይ ፍሬውን ካላገኛችሁ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ዳስሱት። የቼሪሞያ ቅጠል ከጀርባው ከፋይ ይመስላል፤ ይለሰልሳል። እኔ ችግኝ ስገዛ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምዳስሰው። ሻጩ ግራ ይገባዋል፤ ይግባው።

ጊሽጣን የተከለ ሰው ሁሉ የሚያሰማው አንድ ስሞታ አለ። «አበባው ብዙ ነው፤ ፍሬው ሁለት ሦስት ብቻ።» እኔም ሦስት ዓመት እንዲሁ አልኩ። ፍግ ጨመርኩ፣ አመድ ጨመርኩ፣ ተቆጣሁ። ለካ ዛፉ የጎደለው ምግብ አይደለም፤ አማላጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የጊሽጣ አበባ ሴትም ወንድም ነው፤ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ሴት ሆኖ ይነቃል። ሦስቱ ወፋፍራም መልካበቦች፣ የአበባው ቅጠሎች ማለቴ ነው፣ ትንሽ ገርበብ ይላሉ፤ በር ከውስጥ ሰንሰለት ተደርጎበት ሲከፈት እንደሚታየው ቀጭን ክፍተት። በዚህ ሰዓት ውስጡ ያለው ጫፍ ያጣብቃል፤ ዱቄት ለመቀበል ዝግጁ ነው። ነገር ግን የራሱ ዱቄት ገና አልደረሰም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መልካበቦቹ ወለል ብለው ይከፈታሉ፤ ዱቄቱ ይፈስሳል። አበባው ወንድ ሆነ። አሁን ደግሞ መቀበያው ደርቋል። በአጭሩ ባልና ሚስቱ አንድ ቤት ይኖራሉ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

በትውልድ አገሩ ይህን ችግር የሚፈቱ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች አሉ። በዚያ ጠባብ ክፍተት ይገባሉ፤ ከወንዱ ወደ ሴቱ ያመላልሳሉ። ንብ ለዚህ አትሆንም፤ ክፍተቱ አያስገባትም። ጥንዚዛው በሌለበት አገር ታዲያ ጥንዚዛ የሚሆነው ባለቤቱ ነው። ስፔን ውስጥ በግራናዳ ጠረፍ ቼሪሞያ በሰፊው ይመረታል፤ እዚያም ገበሬዎቹ አበባውን በእጃቸው ነው የሚያዳቅሉት። እኛ አንድ ዛፍ ይዘን ሊከብደን አይገባም።

የሚያስፈልጋችሁ ልጆች ሥዕል የሚቀቡበት ቀጭን ብሩሽና አንድ ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ነው። ከቀኑ 9 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ዛፉ ሥር ሂዱ። ወለል ብለው የተከፈቱትን ፈልጉ። ብልቃጡን ከሥራቸው ይዛችሁ በብሩሹ ነካ ነካ አድርጉ፤ ዱቄቱ ይረግፋል። ከዚያ ገርበብ ያሉትን ፈልጉ። መልካበባቸውን በጣት ቀስ ብላችሁ ከፈት አድርጉና ብሩሹን በዱቄት ነክራችሁ ዙሪያውን አዙሩ። ሁሉንም ጎን አዳርሱ። አንድ ጎን ብቻ ከነካችሁ ፍሬው ያንን ጎን ብቻ ይሞላል፤ ጎባጣ ይወጣል። የመጀመሪያ ዓመት ፍሬዎቼ ሁሉ ጎባጣ ነበሩ። ጣዕማቸው ግን ቀጥ ያለ ነበር።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ፤ ይሄንን ብዙ ሰው አያውቀውም። የጊሽጣ አዲስ ቡቃያ የሚደበቀው በቅጠሉ እጀታ ውስጥ ነው። ቅጠሉ እስኪረግፍ ድረስ ቡቃያው መውጫ የለውም፤ ታፍኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ደረቁ ወቅት ሊያበቃ ሲል፣ ያረጁትን ቅጠሎች ከአንዳንድ ቅርንጫፎች ላይ በእጃችሁ አራግፉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲስ ቀንበጥ ይወጣል፤ አበባውም አብሮት ይመጣል። ጎረቤቴ መጀመሪያ ሳደርገው አይቶ «ምን አደረገችህ?» ብሎኛል። ዘንድሮ እሱም እያራገፈ ነው።

ፍሬው ከተያዘ በኋላ ከ5 እስከ 8 ወር ይቆያል። ዛፍ ላይ እስኪለሰልስ አትጠብቁ፤ ወፍ ይቀድማችኋል። ደማቁ አረንጓዴ ፈዘዝ ሲል፣ ገና ጠንካራ እያለ ቁረጡት። ቤት ውስጥ በጥቂት ቀን ይበስላል። ሳይለሰልስ ፍሪጅ አታስገቡት፤ ቆዳው ይጠቁራል፣ አይበስልም። ፍሬዎቹን ለልጆች ስትሰጡ ዘሩን እንዳያኝኩ ንገሯቸው። የጊሽጣ ዘር መርዛማ ነው።

ወደ ሌላው ልለፍ። ካዝሚር የምታውቁ? እጃችሁን አውጡ። … እሺ፣ ፀጉራቸው የሸበተው ብቻ ናቸው። ካዝሚር በድሮ ግቢዎች የምናገኘው ትልቅ ዛፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቅጠል ከአንድ እጀታ ይወጣል፤ የእጅ ጣት ይመስላል። ፍሬው አረንጓዴ ፖም ይመስላል። ውስጡ ነጭ ነው፤ እንደ ክሬም። አገሩ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ደጋ ነው። ዘመዶቹ እነማን እንደሆኑ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ሎሚና ብርቱካን ናቸው። የድሮዎቹ አዝቴኮች «የእንቅልፍ ፍሬ» የሚል ስም ነበራቸው ለእሱ። ዘሩ ግን መርዝ አለው፤ ይጣል።

ካዝሚር ለምን ከገበያ ጠፋ ካላችሁ መልሱ ቀላል ነው። ጉዞ አይችልም። ከዛፍ ሲወድቅ ይፈርጣል፤ ሲበስል ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ያልፍበታል። ነጋዴ ይህን አይወድም። የጓሮ ሰው ግን ሊወደው ይገባል። ሱቅ የማይሸጠውን ፍሬ መብላት ካልቻልን ጓሮ ለምን ያዝን? ገና ጠንካራ እያለ ቁረጡት፤ ቤት ውስጥ ይለሰልስ። ቆዳውን ላጡት፤ ይመራል። ሁለት ነገር ግን አስቡበት። አንደኛ፣ ዛፉ ትልቅ ይሆናል፤ ሥሩም ብርቱ ነው። ከቤትና ከፍሳሽ ቱቦ አርቁት፤ በየዓመቱ አናቱን ቁረጡት። ሁለተኛ፣ ከዘር ከተከላችሁት ሰባት ስምንት ዓመት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። ለልጅ ልጅ ነው የምትተክሉት ማለት ነው፤ ወይም ደግሞ ግራፍት የሚያደርግ፣ ማለትም ከሌላ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ የሚገጥም ሰው ፈልጉ።

ትዕግሥት ለሌለው ሰው የዛፍ ቲማቲም አለ። እሱም ከአንዲስ ነው። የቲማቲምና የድንች ዘመድ ነው፤ ግን ሰው የሚያክል ዛፍ ይሆናል። በዓመት ከመንፈቅ፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት ያፈራል። እንቁላል የመሰለ ቀይ ወይም ቢጫ ፍሬ ይንጠለጠልበታል። ቆዳውን ልጣችሁ በስኳር ብሉት፤ ወይም ከበርበሬ ጋር ዳጣ አድርጉት። እኔ ዳጣውን እመርጣለሁ። ዕድሜው አጭር ነው፤ ሥሩም ጥልቀት የለውም። ነፋስ ይጥለዋልና እንጨት አስደግፉት። ውሃ ከተኛበት ወዲያው ይሞታል።

ወይን ጠጁ ፓሽን ፍሩትም የደጋ ሰው ነው። ቢጫው ሙቀት ይፈልጋል፤ ብቻውንም ብዙ አያፈራም። ወይን ጠጁ ግን አጥር ስጡት እንጂ ሌላ አይጠይቅም። ወሸመላን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ሆነን የሰው አጥር የዘለልንበት ነው፤ አልፈዋለሁ።

አቮካዶ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም አቮካዶ ላይ ብዙ ብር ያጠፋሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ጁስ ቤት ገብታችሁ ስፕሪስ ስታዙ አቮካዶው ከጥንት የነበረ ይመስላችኋል። አልነበረም። በ1938 እ.ኤ.አ. በሂርናና በወንዶ ገነት የግል አትክልተኞች እንዳስገቡት ይጻፋል። ያኔ ጎረቤቶቻቸው ምን እንዳሏቸው መገመት አያዳግትም። «ጨው የሌለው ቅቤ» ሳይሏቸው አልቀሩም።

የመጀመሪያ ስህተቴ ዘር ነው። ከአቮካዶ ዘር የሚወጣው ልጅ እናቱን አይመስልም። ሎተሪ ነው። ከጣፋጭ ፍሬ የተገኘ ዘር ውሃ ውሃ የሚል ፍሬ ሊሰጥ ይችላል፤ ያንን ለማወቅም አምስት፣ ስምንት፣ አስር ዓመት ትጠብቃላችሁ። ግራፍት የተደረገው ግን ከታች ከዘር የበቀለ፣ ከላይ ከታወቀ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ የተገጠመለት ነው። በሦስት ዓመት አካባቢ ያፈራል፤ ምን እንደሚያፈራም ታውቃላችሁ። ሀስ፣ ፉኤርቴ፣ ኤቲንገር የሚባሉት ስሞች አገራችን ውስጥ አሉ።

ሁለተኛው ስህተቴ፣ አንድ ሻጭ «ግራፍት ነው» ሲለኝ ማመኔ ነው። ሦስት ችግኝ ገዛሁ። ቤት አምጥቼ ሳያቸው ግንዳቸው ከላይ እስከ ታች ልሙጥ ነው። ግራፍት የተደረገ ችግኝ ከአፈሩ ከፍ ብሎ ጠባሳ አለው፤ ወይም ትንሽ ጎበጥ ይላል። ጣታችሁን አሂዱበት። ጠባሳ ከሌለ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት።

ሦስተኛው ስህተቴ የሚያስቅ ነው። እውነተኛውን ግራፍት ካገኘሁ በኋላ ከጠባሳው በታች አንድ ብርቱ ቀንበጥ ወጣ። እኔ እንደ በረከት ቆጠርኩት። ውሃ አጠጣሁት፤ ደገፍኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ የላዩን ውጦት አረፈ። ከጠባሳው በታች የሚወጣ ነገር ሁሉ የዘሩ ነው፤ ወዲያው በጣት ይቀነጠስ።

አራተኛው አፈር ነው። ይህ ስህተት የእኔ ብቻ አይደለም፤ የከተማው ግማሽ ነው። ወደ እንጦጦ በኩል ያላችሁ ቀይ አፈር ላይ ናችሁ፤ ውሃ ያሳልፋል፤ እድለኞች ናችሁ። ወደ ቦሌና አቃቂ የወረዳችሁ ግን ብዙዎቻችሁ መረሬ ላይ ናችሁ። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ፣ ክረምት ላይ ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ። የአቮካዶ ሥር አየር ይፈልጋል። ውሃ ሲተኛበት ሥር አበስባሹ ሻጋታ ይነሳበታል። እህቴ ግቢ የተከልኳት አቮካዶ ሐምሌን አለፈች፤ ነሐሴ ላይ ቅጠሏ ተንጠለጠለ። እኛ ውሃ ጠማት ብለን ውሃ ጨመርንላት። በጎርፍ ለሞተ ሰው የውሃ ጠርሙስ ማቀበል ነው።

መረሬ ላይ ጉድጓድ አትቆፍሩ። ጉድጓዱ ሳህን ይሆናል፤ ውሃ ይይዛል። ይልቅ ከፍ አድርጉ። ቀይ አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰለ ብስባሽ ቀላቅላችሁ ከጉልበት ዝቅ የሚል፣ ሰፋ ያለ ጉብታ አዘጋጁና አናቱ ላይ ትከሉ። ቀይ አፈር ላይ ያላችሁ ደግሞ ስልሳ በስልሳ ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ፣ የላዩን አፈር ከብስባሽ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱ። ትኩስ ፍግ አታድርጉ፤ ሥር ያቃጥላል። ጉዝጓዝ አልብሱት፤ ሣር፣ ቅጠል፣ የቡና ገለባ፣ ያገኛችሁትን። ግንዱን ግን አታስነኩት፤ አንድ ስንዝር ራቅ ይበል።

በበጋ ውሃ ማጠጣት ለሚያታክታችሁ የእኔ ዘዴ ሁለት ነው። አንደኛው የሃይላንድ ላስቲክ ነው፤ ክዳኑን በመርፌ ብሱና አፉን ደፍታችሁ ከሥሩ አጠገብ ትከሉት። ሁለተኛው የሴት አያቶቻችን ነው የምለው፤ ያልተቀባ የሸክላ ገንቦ እስከ አንገቱ ቅበሩ፣ ውሃ ሙሉት፣ ክደኑት። ሸክላው ላብ እንደሚያልበው ሰው ቀስ እያለ ያሰርጋል።

አሁን ስለ ብርድ። እዚህ ከተማ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ የሚነካው ሰፈር አለ። ብርድ እንደ ውሃ ነው፤ ቁልቁል ይፈሳል፣ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። የግቢያችሁን ዝቅተኛ ጥግ ለጎመን ተዉት፤ ጊሽጣ አትትከሉበት። በእነዚያ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ስለዚህ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ካላችሁ፣ ያ የግቢያችሁ ወርቅ ነው። ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ቆርቆሮ ይህን አያደርግም፤ ፀሐይዋ ስትገባ እሱም አብሮ ይቀዘቅዛል። ለሕፃን ችግኝ አራት እንጨት ተክላችሁ ማታ ማታ የማዳበሪያ ጆንያ ጣል አድርጉበት፤ ጠዋት አንሱለት።

ጥያቄ? እሺ፣ አንተ።

«ወንድሜ ከታይላንድ የራምቡታንና የማንጎስቲን ዘር ይዞልኝ መጣ። አልበቀለም። ለምን?»

ቢበቅልም አዝንልህ ነበር። እነዚያ የምድር ወገብ ቆላ ፍሬዎች ናቸው፤ የማንጎዬን ታሪክ ነው የምትደግመው። ያልበቀለበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ብዙ የትሮፒክ ዘር እንደ ጤፍና ስንዴ ደርቆ አይቀመጥም። ከደረቀ ይሞታል። ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ራምቡታን፣ ወሸመላም ሳይቀር እንዲህ ናቸው፤ ከፍሬው እንደወጡ መተከል አለባቸው። የጊሽጣ ዘር ግን ደረቅ ሆኖ ይቆያል። በስልክ የምታዩት ሰማያዊ ስትሮቤሪ ደግሞ የኮምፒውተር ቀለም ነው፤ እንዲህ ያለ ተክል የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቅር እንዳትሉኝ። ችግኝና ቀንበጥ በሻንጣ ደብቃችሁ አታምጡ። በ2010 እ.ኤ.አ. ወለጋ ውስጥ ነጭ የማንጎ ስኬል የሚባል ተባይ ታየ። ከውጭ ከመጣ ችግኝ ጋር እንደገባ ይታመናል። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይለጠፋል፤ ጭማቂውን ይመጥጣል። ከዚያ ወዲህ በምዕራቡ አገራችን ስንት የማንጎ ገበሬ እንዳስለቀሰ የዚያ አካባቢ ሰው ይንገራችሁ። ለአንድ ጓሮ ጌጥ ብሎ የሰው እንጀራ መድፋት ነው። አስገቢዎች ከሆናችሁ በኳራንቲን፣ ማለትም በዕፅዋት ጤና ቁጥጥር በኩል፣ በወረቀት።

እሺ እማማ፣ እርስዎ።

«የጊሽጣ ቅጠል አፍልተው ቢጠጡት ካንሰር ያድናል ይላሉ። እውነት ነው?»

እማማ፣ በዚህ እንኳን ልቀልድ አልችልም። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ሴሎችን የሚገድል ነገር ብዙ አለ፤ በረኪናም ይገድላል። በታመመ ሰው ላይ ግን ጊሽጣ ካንሰር እንደሚያድን አልተረጋገጠም። ይልቅ ሌላ የታየ ነገር አለ። ጓድሎፕ በምትባል የካሪቢያን ደሴት ሐኪሞች እንደ ፓርኪንሰን ያለ፣ ለተለመደው መድኃኒት ግን እምብዛም የማይመለስ የነርቭ ሕመም በዝቶ አገኙ። በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሕመሙን የእሾሃማውን ጊሽጣ ፍሬ አብዝቶ ከመብላትና ቅጠሉን አዘውትሮ አፍልቶ ከመጠጣት ጋር አያያዙት። ፍሬውን አልፎ አልፎ ይብሉ፤ ደስ ይበልዎት። ቅጠሉን ለጉዝጓዝ ይተዉልኝ። የታመመ ሰው ካለ ደግሞ ሕክምናውን እንዳያቋርጥ፣ አደራ።

«እኛ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነን። አይመለከተንም?»

እንዴት አይመለከታችሁም! የቀለም ባልዲ ሥሩን ብሱ፤ ሃያ ሊትሩ ይበቃል። አንዱ ላይ የዛፍ ቲማቲም፣ ሌላው ላይ ወይን ጠጁ ፓሽን ፍሩት። ፓሽኑን በበረንዳው ብረት ላይ አሳድጉት፤ በዓመት አካባቢ ያብባል። አበባውን ለማየት ብቻ እንኳ ይተከላል። ያ እንጨት የሚበሳው ትልቁ ጥቁር ንብ ከመጣላችሁ አታባርሩት፤ ለፓሽን ከእሱ የተሻለ ሠራተኛ የለም። ከባልዲው ሥር ሳህን አስቀምጡ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ሰው ልብስ ላይ ጭቃ ከተንጠባጠበ ፓሽን ፍሩቱን ለካሣ ነው የምታወጡት።

«ችግኝ መቼ እንትከል?»

ቀይ አፈር ላይ ሰኔ መጨረሻ፣ መሬቱ በደንብ ሲርስ። መረሬ ላይ ያላችሁ ግን የኔን ምክር ከሰማችሁ ክረምቱን አሳልፉት። ነሐሴ ማብቂያ ወይም መስከረም ላይ ትከሉና በጋውን ውሃ ለማጠጣት ቃል ግቡ። ግብርናዎች ሰኔ ይሏችኋል። እኔ ግን ነሐሴ ላይ ሞተውብኝ የቀበርኳቸውን ችግኞች አልረሳም።

በቃ፣ ሰዓት አየሁ። 10 ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ኑ፣ ወደ ጥጉ እንሂድ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቅርንጫፉን እንዳትረግጡት። ይሄ ትናንት ጠዋት ገርበብ ብሎ የነበረው ነው፤ እዩት አሁን ወለል ብሏል፣ ዱቄቱ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ያኛው ደግሞ፣ ከፍ ያለው፣ ዛሬ የነቃ ነው። ብሩሹ ይኸው። ብልቃጡን ማን ይይዝልኛል? … አንቺ ያዢው፣ እጅሽ አይንቀጠቀጥም። ዝቅ አድርጊው። እንደዚያ።